ምዕራፍ ስድስት፦ ከብት የሚዘራው ዛፍ

በ1970ዎቹ መጨረሻ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ካልተነገረ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በመካከለኛው አዋሽ በመስኖ እርሻዎች ዙሪያ ዛፍ ለማልማት የተነሡ ባለሙያዎች ምን ዓይነት ዛፍ እንደሚፈልጉ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ዝናብ ቢቀር የማይደርቅ፣ ጨዋማ አፈር የማያሸንፈው፣ በጥቂት ዓመታት ጥላ የሚጥል፣ አቧራና ነፋስ የሚመክት፣ እንጨቱ ለማገዶ የሚሆን፣ ቢቆርጡት ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ፣ ፍሬውን ከብት የሚወደው። ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ከእነዚህ አንዱም አልጎደለበትም። መነሻው ሜክሲኮ፣ መካከለኛው አሜሪካና የደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ነው። በአሚባራ ተተከለ፤ በድሬዳዋ በኩልም ገባ። በ1980ዎቹ ደግሞ በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር ብዙ ሰው ወጥቶ ተከለው። በረሃማነትን ለመግታት ነበር፤ ሐሳቡም በጊዜው ሞኝነት አልነበረም።

ዛሬ አንድ የአፋር አርብቶ አደር በዛፉ ላይ የሚያቀርበው ክስ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ አንድም የሚያስቀረው የለም። ድርቅ አይገድለውም። ሣር በማይበቅልበት ይበቅላል፤ ሣር በሚበቅልበትም ሣሩን አስለቅቆ ይበቅላል። ፈጥኖ ያድግና ሰውም ከብትም የማያሳልፍ የእሾህ ጫካ ይሆናል። ቢቆርጡት ከበፊቱ በዝቶ ይነሣል። ፍሬውንም ከብት ይወደዋል፤ ከክሱ ሁሉ የከፋውም ይኸው ነው።

መጤ ዛፎችን በሚመለከት ሥልጠናም ሆነ ስብሰባ ላይ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍሎ በአንድ ወገን ጥቅም፣ በሌላው ጉዳት እያሉ መጻፍ የተለመደ ነው። እኔ በዚህ አሠራር ብዙ አላምንም። በግራ የተጻፈው ጠባይና በቀኝ የተጻፈው ጠባይ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጠባይ ነው፤ የተለየው መሬቱ የማን እንደሆነና ዛፉን ማን እንደሚቆጣጠረው ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ ስለ እያንዳንዱ ዛፍ የማነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ዘሩን የሚዘራው ማን ነው? ሰው ካልተከለው የማይበቅል ዛፍ ጉዳት ቢያደርስም ጉዳቱ ሰው ያመጣው ነው፤ ሰው ሊመልሰውም ይችላል። ራሱን የሚተክል ዛፍ ግን የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም።

ፕሮሶፒስ ዘሩን ለከብት አደራ የሰጠ ዛፍ ነው። ፍሬው ረጅም፣ ሲበስል ቢጫ፣ ጣዕሙም ጣፋጭ ነው። በደረቁ ወራት ሣር ሲጠፋ ከዛፉ ሥር ረግፎ የሚገኘው እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከብቱ፣ ግመሉ፣ ፍየሉ ይበላዋል፤ ከርከሮውም አይተወውም። ጣፋጩ ሥጋ በሆድ ውስጥ ሲፈጭ በጠንካራ ሽፋን የተጠቀለለው ዘር ግን ሳይፈጭ ያልፋል። የሆድ ዕቃው አሲድ ያንን ሽፋን ያሳሳዋል፤ እንዲያውም ለመብቀል ያዘጋጀዋል። ከዚያ እርጥበትና ማዳበሪያ ባለው እበት ተጠቅልሎ፣ ከብቱ በደረሰበት ሁሉ ይወድቃል። በአፋር የተደረገ ጥናት በአንድ ኪሎ የፍየል በጠጥ ውስጥ ከ700 በላይ፣ በአንድ ኪሎ የከብት እበት ውስጥ ደግሞ ከ2,800 በላይ የፕሮሶፒስ ዘር ቆጥሯል። ፍየል አጥብቃ ስለምታላምጥ ብዙውን ዘር ትሰብራለች፤ ላም ግን ሳታደቅ ትውጣለች።

አሁን የአርብቶ አደሩን ኑሮ አስቡት። መንጋው አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ዝናብ ወደ ጣለበት፣ ውሃ ወዳለበት ይነዳል። ዘሩም አብሮ ይነዳል። ዛፉ በመጀመሪያ የሚታየው በከብት መንገድ ዳር፣ በውሃ ማጠጫው ዙሪያ፣ መንጋ በሚያድርበት በረት አካባቢ የሆነው ለዚህ ነው። ማለትም አርብቶ አደሩ ከምንም በላይ በሚፈልጋቸው ቦታዎች። የቀረውን ጎርፍ ይጨርሰዋል፤ የአዋሽ ወንዝ በክረምት ከአልጋው ሲወጣ ዘሩን በወንዙ ዳር ባለው ለም ግጦሽ ላይ ይበትነዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቁጥር መግለጽ ይቻላል። በአንድ የእርሻ አካባቢ የተተከለው ዛፍ በአራት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ በአፋር ክልል ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ደርሶበታል። የክልሉ ደረቅ መሬት ብዙ ነውና ይህ ለሰሚ ትንሽ ድርሻ ሊመስል ይችላል። የተያዘው ግን ድንጋዩና አሸዋው አይደለም፤ ውሃ የሚገኝበት፣ ሣር የሚያበቅለው፣ በድርቅ ዘመን መንጋ የሚተርፍበት የወንዝ ዳር መሬት ነው። ይህን ያጣ ከብት አርቢ የቀረውን መሬት ሁሉ ቢሰጡት ከብት ሊያረባበት አይችልም።

ሥሩ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። በአሜሪካ አሪዞና በአንድ ክፍት ማዕድን ማውጫ ሲቆፈር የዚህ ዛፍ ቤተሰብ የሆነ ሥር ከ50 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ተገኝቷል። በአፋር ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ሌሎቹ ዛፎች የማይደርሱበትን የከርሰ ምድር ውሃ ስለሚያገኝ ነው። አንዱ ዛፍ በቀን የሚያተነው ውሃ ጥቂት ሊትር ቢሆን ነው፤ በሚሊዮን ሄክታር ሲባዛ ግን ተመራማሪዎች በዓመት ወደ 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይገምቱታል። ይህ ውሃ ከአዋሽ ተፋሰስ የሚወጣ ነው፤ የስኳር ፋብሪካው፣ የጥጥ እርሻው፣ ከተማውና ግመሉ ሁሉ ከሚጠጡት።

የቀረውን ጉዳት ባጭሩ ልለፈው። እሾሁ የከብት ኮቴ ይወጋል፤ የመኪና ጎማም ያፈነዳል። ፍሬውን ብቻ እየበላ የሰነበተ ከብት መንጋጋውን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ይታመሙበታል፤ የፍየል ጥርስ ይበላሻል። ጥቅጥቅ ያለው ጫካ ለጅብ መሸሸጊያ ይሆናል። የአላይደጌን ሜዳ በሣርነቱ የሚያውቁት የሜዳ አህያና ሳላ ሜዳቸው ከዳር እየተበላ ነው። በማሊ በባንዲያጋራ አካባቢ የተሠራ አንድ ጥናት ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር አሳይቷል፦ ከመንደሮች ዙሪያ የፕሮሶፒስ አበባ ያለባቸው ቅርንጫፎች ሲቆረጡ በወጥመድ የሚያዙት የወባ ትንኞች ቁጥር ከግማሽ በታች ወረደ። ትንኝ በደም ብቻ አትኖርም፤ የአበባ ማርም ትቀስማለች፤ ሌላው ሁሉ በደረቀበት ወቅት የሚያብበው ዛፍ ደግሞ ይኸው ነው።

አፋሮች ዛፉን ደርጊ ሐራ ይሉታል፤ በአማርኛ ደግሞ የወያኔ ዛፍ የሚለው ሰው ብዙ ነው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ዛፉን ለሌላ መንግሥት መስጠቱ የአገራችን ቀልድ ነው።

ከቆላው ወደ ደጋ ስንወጣ ክርክሩ ወደ ባሕር ዛፍ ይዞራል። ወራሪ ነው ተብሎ በየጊዜው የሚወገዘው እሱ ነውና መጀመሪያ ወንበሩን እናስተካክል። ባሕር ዛፍ መጤ ነው፤ አገሩ አውስትራሊያ ነው፣ ነጭ ባሕር ዛፍ የሚባለውም ከታዝማኒያና ከአውስትራሊያ ደቡብ ምሥራቅ የመጣ ነው። ጎጂም ሊሆን ይችላል። ወራሪ ነው ለማለት ግን፣ ቢያንስ በኢትዮጵያ ደጋ፣ ያስቸግራል። ዘሩ እንደ አሸዋ የደቀቀ ነው፤ የሚበላለት ከብት፣ የሚያጓጉዝለት ወፍ የለም። ከእናቱ ጥላ ብዙ ሳይርቅ ይወድቃል፤ ቢበቅል ሣር ያንቀዋል፣ ማረሻ ይነቅለዋል፣ እግር ይረግጠዋል። በጎጃም፣ በሸዋና በጉራጌ የምናያቸው የባሕር ዛፍ ደኖች ማለት ይቻላል ሁሉም የሰው እጅ ያቆማቸው ናቸው። አንድ ገበሬ አፈሩን አለስልሶ፣ ችግኙን ገዝቶ ወይም አፍልቶ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ተክሏቸዋል። በሌሎች አገሮች፣ ለምሳሌ በካሊፎርኒያና በፖርቱጋል፣ ይኸው ዛፍ ከተተከለበት አምልጦ ይዛመታል። የዛፉ ጠባይ ከቦታ ቦታ ይለያያልና የአንዱን አገር ፍርድ ለሌላው መገልበጥ አይቻልም።

ገበሬው ለምን ይተክለዋል? አዲስ አበባ ስትቆረቆር፣ በ1886፣ በዙሪያዋ የነበረው የጽድና የወይራ ደን ከጥቂት ዓመታት በላይ የከተማዋን ማገዶና ቤት ሊችል አልቻለም። ከዚያ በፊት የነበሩት የነገሥታት ከተሞች እንጨት ሲያልቅ ይነሡ ነበር። ምኒልክም በምዕራብ በኩል አዲስ ዓለምን አስጀምረው ነበር። በዚያው ዘመን፣ በ1895 አካባቢ፣ ባሕር ዛፍ ወደ አገሪቱ ገባ። ማስገባቱ ብዙ ጊዜ ሞንዶን ቪዳይሌ ከሚባለው የንጉሠ ነገሥቱ ፈረንሳዊ አማካሪ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ችግኝ ተከፋፈለ፤ ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬት ከግብር ነጻ ተደረገ። ከተማዋ ሳትነሣ ቀረች። የዋና ከተማችን ዕድሜ በአንድ መጤ ዛፍ የተገዛ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ሆኖም ጥርጣሬው ያኔውኑ ነበር። በ1913 ከተተከለው ባሕር ዛፍ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀልና በምትኩ የመልበሪ ዛፍ እንዲተከል የሚያዝ አዋጅ መውጣቱ ተመዝግቧል፤ ምክንያቱም ዛፉ ምንጭና ጉድጓድ ያደርቃል የሚል ነበር። አዋጁ በወረቀት ቀረ። ከዚያ ወዲህ የወጡት እገዳዎች ታሪክም ከዚያ ብዙ አይለይም። በ1997 የትግራይ ክልል በእርሻ መሬት ላይ ባሕር ዛፍ እንዳይተከል ከለከለ፤ ተከላው ወደ ተራራ ገደልና ለምነቱ ወዳለቀ መሬት እንዲሄድ ፈለገ። ከእገዳዎቹ ሁሉ ይህኛው ሚዛናዊ ሐሳብ ያለበት ይመስለኛል፤ ዛፉን ሳይሆን ቦታውን ነበር የከለከለው።

ዛሬ በአገሪቱ ከግማሽ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ባሕር ዛፍ እንዳለ ይገመታል። ቋሚው፣ ማገሩ፣ ወራጁ፣ የፎቁ ርብራብ፣ የመብራት ምሰሶው ከሱ ነው። ቅጠሉ የእንጀራ ምጣድ ያግላል፤ ጉንፋን የያዘውም በእንፋሎቱ ይታጠናል። በእንጦጦ ዳገት ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ኑሮ በሱ ላይ ቆሟል። ለገበሬው ደግሞ ከቆመ ዛፍ ይበልጥ የቆመ ገንዘብ ነው። ጤፍ ሲደርስ ይታጨዳል፤ ዋጋው ቢወድቅም ማዳበሪያውን የወሰደበት ብድር አይጠብቀውም። ባሕር ዛፍ ግን ይጠብቃል። ልጅ ሲዳር፣ ሰው ሲታመም፣ ተዝካር ሲመጣ ነጋዴ ይጠራና ባለበት ይሸጣል። ተቆርጦም አያልቅም፤ ጉቶው ያቆጠቁጥና በጥቂት ዓመት ሌላ ማገር ይሰጣል። እኔ በከተማ ተቀምጦ ገበሬውን ባሕር ዛፍ ለምን ተከልህ ብሎ የሚወቅስ ሰው ስሰማ፣ መጀመሪያ ለጤፉ የሚከፈለውን ዋጋ ይንገረኝ እላለሁ።

ጉዳቱ ግን ወሬ አይደለም። በጎጃም በቆጋ ተፋሰስ የተደረገ ጥናት በባሕር ዛፍ አጠገብ ያለ የበቆሎ ማሳ እስከ 20 ሜትር ርቀት ድረስ ምርቱ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህን ጎረቤቱን ሲከስ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ በድንበሩ ባሕር ዛፍ ሲደረድር፣ ሌላው ሥሩ ወደ ማሳው እንዳይገባ ቦይ ይቆፍራል። ቦዩ ሥሩን ለአንድ ሁለት ዓመት ያቆመዋል፤ ጥላውን ግን አያቆመውም። ብዙ ጊዜም ቆፋሪው ይሰለችና፣ ማሳው አልሰጥ ሲለው፣ እሱም ባሕር ዛፍ ይተክላል። በአንዳንድ ቀበሌ እርሻው በሙሉ ወደ ደን የተለወጠው በአንድ ሰው ውሳኔ ሳይሆን በዚህ ዓይነት መገፋፋት ነው።

ስለ ውሃው ከደቡብ አፍሪካ የተሻለ ምስክር የለም። ሞኮቡላን በሚባል ቦታ ተመራማሪዎች አንድን የተራራ ሣር መሬት በ1969 ሙሉ በሙሉ ባሕር ዛፍ ተከሉበትና ከሥሩ የሚወርደውን ጅረት መለካት ቀጠሉ። ዛፎቹ በተተከሉ በዘጠነኛው ዓመት ጅረቱ ደረቀ። ዛፎቹ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናቸው ተጨፈጨፉ፤ ጅረቱ ግን በማግሥቱ አልተመለሰም፤ ዓመቱን ሙሉ እንደ ቀድሞው እስኪፈስ ሌላ አምስት ዓመት ወሰደ። ዛፎቹ የዘነበውን ብቻ አልጠጡም ነበር፤ በአፈሩ ውስጥ ለብዙ ዘመን የተጠራቀመውንም ጠጥተውታል፤ ዝናቡ መጀመሪያ ያንን ባዶ ቋት መሙላት ነበረበት። ደቡብ አፍሪካ ከዚህና ከመሰል መረጃዎች ተነሥታ በ1995 መጤ ዛፎችን ከወንዝ ዳር የሚመነጥር ትልቅ መርሐ ግብር ጀመረች፤ ሥራ አጥ ድሆችን ቀጥራ፣ ውሃ ለማስመለስ።

እንግዲህ ባሕር ዛፍ ውሃ ያደርቃል የሚለው አባባል እውነት ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገሩ ግን ረዘም ይላል። በምንጭ ራስ፣ በረግረግና በወንዝ ዳር ተጠቅጥቆ ሲተከል ያደርቃል። በተራቆተ ገደል ላይ የቆመ ባሕር ዛፍ ሌላ ጉዳይ ነው። እንዲያውም በሙኔሳ ሻሸመኔ ደን የተካሄዱ ጥናቶች በአሮጌ የባሕር ዛፍ ተከላ ሥር የአገር በቀል ዛፎች ችግኝ በብዛት እንደሚበቅል አግኝተዋል። የቀድሞው ደን ቅሪት በቅርብ ስላለ ወፎች ዘር ያመጣሉ፤ ጥላው ደግሞ ለስላሳውን ችግኝ ከፀሐይ ይሸፍናል። ከሥሩ ምንም አይበቅልም የሚለው ወሬ የመጣው ቅጠሉ በየቀኑ ከሚጠረግበት፣ ከብትም ከሚውልበት መሬት ሳይሆን አይቀርም። ቅጠሉን የጠረገ ሰው አፈሩን ያራቆተው ዛፉ ነው ብሎ መክሰስ የለበትም።

ሦስተኛው ዛፍ ከሁለቱ መሐል የቆመ ነው። በአዊ ዞን፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚለውን የአውስትራሊያ ግራር ይተክላል። አተካከሉ የገበሬው የራሱ ጥበብ ነው። ችግኙን ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ያስገባዋል፤ በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ያጭዳል፣ በቀጣዩ በዛፎቹ መሐል የበቀለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፤ በአራትና በአምስት ዓመት ዛፉን ቆርጦ እዚያው ማሳ ላይ ከሰል ያከስለዋል፤ ከዚያ መሬቱን እንደገና ያርሰዋል። ዛፉ ናይትሮጅን ከአየር ወደ አፈር ስለሚያስገባ በአሲድነት የደከመው የአዊ መሬት ትንሽ ይተነፍሳል። በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ከሚገባው ከሰል ከዚህ የሚመጣ አለ። ያን ያህል የአገር በቀል ግራር ሳይቆረጥ ተርፏል ማለት ነው።

ዲከረንስ ከባሕር ዛፍ የሚለየው ዘሩን ራሱ መዝራት መቻሉ ነው። የእሱም የቅርብ ዘመዱ የጥቁር ዋትልም ስም በደቡብ አፍሪካ በወራሪነት ተመዝግቧል። ዘሩ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ተኝቶ እሳት ሲያገኝ ይነቃል፤ ከሰል ማክሰል ማለት ደግሞ በማሳው ላይ እሳት ማንደድ ነው። በአዊ እስካሁን ዛፉን የያዘው የገበሬው ማረሻ ነው። ማሳው እየተፈራረቀ ስለሚታረስ የበቀለው ይነቀላል። ማሳው የማይታረስበት ቀን ቢመጣ፣ ወጣቱ ከተማ ቢገባ ወይም ጸጥታ ቢደፈርስ፣ ዛፉ የትኛውን ጠባዩን እንደሚያሳይ መገመት አያዳግትም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሌላ ችግር መጥቷል፦ ዋግን የመሰለ የፈንገስ በሽታ ቅጠሉንና ቅርንጫፉን እየመታ ሰፊ ተከላ አድርቋል። ወረዳ ሙሉ በአንድ ዝርያ ሲሸፈን አንድ በሽታ የሁሉንም ቤት በአንድ ቀን ያንኳኳል። ይህ ከወራሪነት የተለየ አደጋ ነው፤ ዛፉ መጤ በመሆኑ ሳይሆን ብቸኛ በመሆኑ የመጣ።

ወደ ፕሮሶፒስ እንመለስ፤ አንዴ ከገባ በኋላ ምን ይደረጋል የሚለው ጥያቄ እዚያ ነውና የሚያፋጨው።

አንዱ ወገን በመጠቀም እናጥፋው ይላል። ከሰሉ ጥሩ ነው፤ ፍሬው ከነዘሩ በወፍጮ ቢደቅ ዘሩ ይሞታል፣ ዱቄቱም ለከብት መኖ ይሆናል። በአሚባራና በገዋኔ በዚህ ሐሳብ የተቋቋሙ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከፕሮሶፒስ ከሰል እያመረቱ እንዲሸጡ ተፈቅዶላቸው ነበር። ገንዘብም አገኙ፤ የተመነጠረ መሬትም ነበር። ችግሩ የመጣው ከመንገድ ላይ ነው። ከሰል በጆንያ ከገባ በኋላ ከፕሮሶፒስ ይሁን ከአገር በቀል ግራር የኬላ ጠባቂ ሊለየው አይችልም። የፕሮሶፒስ ፈቃድ የያዘ መኪና የግራር ከሰል ጫነ፤ በመጨረሻም ሥራው ታገደ። ሁለተኛው ችግር ረቀቅ ያለ ነው። ከሰል አክሳይ የሚመርጠው ወፍራሙን ግንድ ነው፤ ጉቶውን ይተዋል፤ ጉቶው በብዙ ቀንበጥ ይነሣል፤ በሁለት ዓመት ያ ቦታ ከበፊቱ የባሰ ጥቅጥቅ ይላል። ዛፉን ለማጥፋት ከምድር በታች 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዶ፣ የሚያቆጠቁጡት እንቡጦች ካሉበት በታች መቁረጥ ያስፈልጋል። ለዚህ ድካም የከሰሉ ዋጋ አይከፍልም። ደግሞም ኑሮው በዛፉ ላይ የተመሠረተ ሰው ዛፉ እንዲያልቅ ለምን ይፈልጋል?

ሌላው ወገን ከእነአካቴው ይነቀል ይላል። በኬንያ ባሪንጎ በ1980ዎቹ በማገዶ ልማት ስም የተተከለው ይኸው ዛፍ የኢል ቻሙስ ሕዝብን ግጦሽ ሲውጠው ነዋሪዎቹ መንግሥትን ፍርድ ቤት አቆሙ፤ ለማስረጃም ፍሬውን እየበላች ጥርሷ ያለቀ ፍየል ይዘው ቀረቡ። ነገሩ በዓለም ጋዜጦች ተወራ። ባሪንጎ ውስጥ ግን ዛፉ ዛሬም አለ፤ ከዚያው ማኅበረሰብም ከከሰሉ የሚኖር አለ።

የተፈጥሮ ጠላቱን ከአገሩ ማምጣትም ተሞክሯል። ደቡብ አፍሪካ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዘሩን የሚበሉ ጥቃቅን ጢንዚዛዎች ለቀቀች። ዛፉን የማይነኩ፣ ዘሩን ብቻ የሚያጠፉ ነፍሳት የተመረጡት ገበሬው ፍሬውንና እንጨቱን ስለሚፈልግ ነበር፤ ሁለቱን ወገን ለማስታረቅ። ግን ጢንዚዛዋ ወደ ረገፈው ፍሬ ሳትደርስ ከብቱ ቀድሟት ይበላዋል። አውስትራሊያ ደፈር ብላ በ1998 ቅጠሉን የሚበላ የእሳት እራት ለቀቀች፤ በፒልባራ አካባቢ ዛፎቹን በግልጽ አዳክሟል። ባሕር ዛፍና ዲከረንስን ለእኛ የላከች አገር በራሷ በረሃ ከፕሮሶፒስ ጋር መታገሏ ፈገግ ያሰኛል። እሷ ግን ያንን የእሳት እራት ለመልቀቅ የቻለችው ዛፉ ለማንም አያስፈልግም ብላ ስለወሰነች ነው። እኛ ገና አልወሰንንም። በአፋር ቆላ ከሰል የሚያከስለው ወጣትና ግጦሽ ያጣው ሽማግሌ በአንድ ቤት ሊኖሩ ይችላሉ።

ውሳኔው እስኪመጣ የሚሠራ አንድ ሥራ ግን አለ፤ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው አያከብረውም። ፕሮሶፒስን ለመቆጣጠር የሚመደብ ገንዘብ በአብዛኛው የሚፈሰው ጥቅጥቅ ወዳለው ጫካ ነው፤ ዶዘር ይገባል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይህን ያህል ሄክታር ተመነጠረ ተብሎ ይጻፋል። እዚያ ያለው አፈር ግን ለዓመታት የሚበቃ ዘር ቋጥሯል። የተመነጠረው ቦታ ወዲያው ሣር ካልተዘራበት ወይም ካልታረሰ ዛፉ ይመለሳል፤ ታርሶ የተያዘው ደግሞ ከዛፍ ቢድንም ከግጦሽነት ይወጣል፤ ይህንንም ከጎሣው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይጠይቃል። ወረራው የሚራመደው ግን ከዚያ ጫካ አይደለም። ገና ንጹሕ በሆነው ሜዳ ላይ፣ ባለፈው ዓመት መንጋ ያደረበት ቦታ፣ ተራርቀው የበቀሉ ጥቂት ችግኞች ናቸው የሚያስፋፉት። በመጀመሪያው ዓመት አንድ እረኛ አፈሩ ረጥቦ እያለ በእጁ ከነሥሩ ይነቅላቸዋል። በሦስተኛው ዓመት ዶማ ይፈልጋሉ፤ ፍሬ ካፈሩ በኋላ ደግሞ ከብቱ ሥራውን ይጀምራል። መንጋውን ፍሬ ከበላበት ጫካ በቀጥታ ወደ ንጹሑ ሜዳ ከመንዳት ይልቅ፣ የበላው ከሆዱ እስኪወጣ ጥቂት ቀን እዚያው አካባቢ በረት ውስጥ ማቆየትም በዚሁ ዋጋ የሚሠራ ነው። በወረዳ ሪፖርት ላይ አንድ እረኛ በሜዳ ዳር ሠላሳ ችግኝ ነቀለ የሚል መስመር የሚገባበት ሠንጠረዥ ግን ገና አልተዘጋጀም።